ቡሙ ይሠራል፣ ባኬቱ ግን አልሰበሰብ አለ፦ ሲሊንደሩን ከመፍታትህ በፊት

ሰላም ለሁላችሁም። ወንድማችን የጠየቀውን በሁለት መስመር ልመልስ ብዬ ጀምሬ ረዘመብኝ፤ ታገሱኝ። ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ስኪድ ስቲር ሎደሩ (ትንሿ የአፈር መጫኛ ማሽን) ቡሙን፣ ማለትም የሚያነሳውን ክንድ፣ በደንብ ያነሳል፣ ያወርዳል። ባኬቱም (አፈር መዛቂያው) ወደ ፊት ይደፋል። ወደ ኋላ ሲሰበስቡት ግን እንቢ ይላል፤ ቢሰበሰብም እያቃሰተ ነው። አፈር ይዞ ሲቆም ደግሞ ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ይደፋል። «ሲል ኪት ገዝተናል፤ ሲሊንደሩን ፈትተን እንቀይር ወይስ ፓምፑ ነው የደከመው?» ይላል። ሲሊንደር በዘይት ግፊት ባኬቱን የሚያንቀሳቅሰው ነው፤ ሲል ደግሞ ውስጡ ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ላስቲክ።

መልሱን ከፊት ላድርገው። ፓምፑን ተወው። ሲል ኪቱንም ለጊዜው ከነላስቲኩ አስቀምጠው። ሲሉ ሊሆን ይችላል፤ አይሆንም አላልኩም። ግን ይህንኑ ምልክት የሚያሳዩ ሌሎች ነገሮች አሉ፣ አብዛኞቹም ሲሊንደር ሳይፈታ ይገኛሉ። መጀመሪያ ማወቅ ያለብህ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥፋቱ ከቫልቩ ወገን ነው ወይስ ከሲሊንደሩ ወገን?

ፓምፑን ለምን ተወው አልኩ? ቡሙን፣ ባኬቱንና ተጨማሪ ዕቃውን (በባኬቱ ፋንታ የሚገጠመውን) የሚያንቀሳቅሰው ብዙውን ጊዜ ያው አንድ የጊር ፓምፕ ነው። የጎማው መንጃ የራሱ ፓምፖች አሉት፤ እሱን አታምታታው። ከጊር ፓምፑ የወጣው ዘይት ወደ ዋናው ቫልቭ ይገባል። እዚያ ሦስት ስፑሎች (እየተንሸራተቱ የዘይቱን መንገድ የሚከፍቱና የሚዘጉ ብረቶች) አሉ፤ አንዱ የቡም፣ አንዱ የባኬት፣ አንዱ የተጨማሪ ዕቃ። ፓምፑ ቢደክም ወይም ዋናው ሪሊፍ ቫልቭ (ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው) ቢላላ ሦስቱም ይደክማሉ። ቡሙ ጤነኛ ሆኖ ባኬቱ ብቻ ከታመመ፣ ችግሩ ያለው ከባኬቱ ስፑል ጀምሮ እስከ ባኬቱ ፒን ባለው መስመር ላይ ነው። ታዲያ ቡሙ ባዶውን ሲነሳ አይተህ አትፍረድ። ሁልጊዜ የሚያነሳውን ያህል ጭነት ይዞ መነሳት አለበት።

ዘይቱን እንዳየኸው እገምታለሁ። ካላየህ ቡሙን አውርድ፣ ባኬቱን መሬት ላይ አስተኛ፣ ከዚያ ለካ። ነጭ ሆኖ አረፋ ካለው አየር እየሳበ ነው። ካደረም በኋላ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ሁለቱም ባኬቱን ብቻ ለይተው አያጠቁም፣ ስለዚህ እዚህ ላይ አንቆይም።

አሁን ደስ የማይል ግን የግድ የሆነውን ልናገር። ከቡም ሥር ገብታችሁ የምትሠሩ ልጆች አላችሁ፤ አይቻለሁ። ቡሙ ተነስቶ የሚሠራ ሥራ ካለ የቡሙ መደገፊያ ብረት ይግባ። ድንጋይና እንጨት መደገፊያ አይደለም። የባኬቱን ሆዝ (የዘይት ቱቦ) ከመፍታትህ በፊት ባኬቱ መሬት ላይ ይተኛ፣ ሞተሩ ይጥፋ። የአንተ ማሽን መጽሐፍ በሚለው መንገድ ቁልፉን ከፍተህ፣ የደኅንነት ባሩን አውርደህ፣ ፔዳሉን ወይም ጆይስቲኩን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ደጋግመህ አንቀሳቅስ፤ የታመቀው ግፊት ይውጣ። ሆዝ ላይ የሚያፈስ ቀዳዳ በእጅህ አትፈልግ። ካርቶን ወይም ጣውላ አስጠጋ። ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። መጀመሪያ ላይ እሾህ የወጋህ ነው የሚመስለው፣ ብዙም ላያም ይችላል። ግን በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና የሚፈልግ ጉዳት ነው። «ነገ አያለሁ» አይባልበትም። ሐኪሙንም ሃይድሮሊክ ዘይት በግፊት እንደገባ ንገረው፤ ካልነገርከው ተራ ቁስል ሊመስለው ይችላል።

ወደ ሥራው። መጀመሪያ ኦፕሬተሩ እግር ሥር ተመልከት። ማሽኑ በፔዳል የሚሠራ ከሆነ ከፔዳሉ ሥር ጭቃና ጠጠር ይጠቀጠቃል። በአንዱ በኩል ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፣ በሌላው በኩል ጠጠሩ ያቆመዋል። ስፑሉ ግማሽ ብቻ ተከፈተ ማለት ነው። ሰውየው ግን እግሩ ስለተጫነ ሙሉ የሰጠው ይመስለዋል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሲል ተቀይሮላቸው ያልዳኑ፣ በውሃና በካቻቢቴ ጠረጋ የዳኑ ማሽኖች አውቃለሁ። ከጠረግህ በኋላ አንድ ሰው ፔዳሉን ይርገጥ፣ አንተ ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ ስፑሉ ጫፍ ላይ ተመልከት። ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚሄደው ርቀት ተቀራራቢ ነው? ከፔዳሉ ወደ ስፑሉ የሚሄደው ዘንግ ጎብጧል? የዘንጉ ፒን ተበልቷል? ኬብል ካለው ከውስጡ ተበጥሶ ሽፋኑ ብቻ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ ጨርሶ የማይነቃነቅ ከሆነ አትደንግጥ። ብዙ ማሽን የደኅንነት ባሩ ካልወረደና ቁልፉ ካልተከፈተ ስፑሉን በሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ መቆለፊያ) ይቆልፈዋል።

ሶሌኖይዱን ካነሳን አይቀር፣ ሌሎቻችሁም እንድትጠቀሙበት አንድ ነገር ልጨምር። ባኬቱ በሁለቱም አቅጣጫ ድርቅ ካለ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ዘይት ሳይሆን ኤሌክትሪክ ነው። የወንበር ስዊች፣ የደኅንነት ባር ስዊች፣ ፊውዝ፣ ወይም ከካቢኑ ሥር አይጥ የበላው ሽቦ። ባሩን ስታወርድ ከሶሌኖይዱ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ትሰማለህ። ካልሰማህ ካቻቢቴህን ጫፉ ላይ አስጠጋ፤ ኃይል ከደረሰው ብረቱን ይስባል። መብራቱ ከደረሰና ካልሳበ ኮይሉን በቴስተር ለካ። ጤነኛ ኮይል ጥቂት ኦም ያሳያል። ዜሮ ካለ ወይም ጨርሶ ካላነበበ ሞቷል። በጆይስቲክና በኤሌክትሪክ ብቻ የሚታዘዙት አዳዲሶቹ ማሽኖች ደግሞ የስህተት ኮድ ስክሪኑ ላይ ያወጣሉ፤ ቁልፍ ከማንሳትህ በፊት እሱን አንብብ። የወንድማችን ባኬት ግን ስለሚደፋ፣ ሶሌኖይዱ ሙሉ በሙሉ ቆልፎታል ማለት አይቻልም።

ቀጥሎ ያለው ምርመራ ምንም ዕቃ አይፈልግም። ጆሮ ብቻ ነው። ዘይቱ ይሙቅ። ሞተሩን ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ከሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ትንሽ ከፍ አድርገው። ባኬቱን ወደ መሰብሰቢያው ጎትትና ሞተሩን አዳምጥ። ጤነኛ ማሽን ባኬቱ መጨረሻው ላይ ደርሶ ሲቆም ሞተሩ ይጫናል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ሪሊፉም ሲያፏጭ ይሰማል። አሁን የአንተን አዳምጥ።

ባኬቱ አልሰበሰብ ብሎ ሞተሩም ምንም ካልተሰማው፣ ዘይቱ ሥራ ሳይሠራ በነፃ እየተመለሰ ነው። ወይ ስፑሉ አልተከፈተም፣ ወይ የተከፈተ ሌላ መንገድ አግኝቷል። ባኬቱ ቆሞ ሞተሩ በኃይል ከተጫነ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ግፊቱ አለ፣ መንገዱ ነው የተዘጋው። የባኬቱ ማያያዣ ፒን ነክሶ ይሆናል፣ የሲሊንደሩ ሮድ (ከውስጡ የሚወጣውና የሚገባው ብረት) ጎብጦ ይሆናል። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ደግሞ ሆዙ ነው። ያረጀ ሆዝ ከውጭ ደህና መስሎ የውስጡ ላስቲክ ይላጣል። የተላጠው ቁራጭ በአንድ በኩል ዘይት ሲመጣ ይተኛና ያሳልፋል፤ በሌላ በኩል ሲመጣ ተነስቶ እንደ በር ይዘጋል። አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሠራ ባኬት ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ሆዙን በዓይን አይተህ አታውቀውም። በሌላ ሆዝ ቀይረህ መሞከር ነው።

ሦስተኛው፣ ሞተሩ ትንሽ ይጫናል፣ ባኬቱም ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ግን አቅም የለውም። ይሄ ማፍሰስ ነው። ከወንድማችን አገላለጽ የገባኝ ይህኛው ነው። ራሱን ችሎ የሚደፋ መሆኑም ይህንኑ ይናገራል።

ታዲያ የት ነው የሚያፈሰው? እዚህ ላይ የሲሊንደሩን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። በአብዛኛው ስኪድ ስቲር ባኬቱ የሚደፋው ሮዱ ሲወጣ ነው፣ የሚሰበሰበው ሲገባ። የአንተንም በዓይንህ አረጋግጥ። ሲገባ ዘይቱ የሚገፋው ሮዱ ባለበት በኩል ያለውን የፒስተኑን (ሲሊንደሩ ውስጥ ሮዱ ጫፍ ላይ ያለው ክብ ብረት) ፊት ነው። ሮዱ ቦታ ስለያዘ ያ ፊት ጠባብ ነው። ስለዚህ በተመሳሳይ ግፊት መሰብሰብ ከመድፋት ሁልጊዜ ይደክማል። የፒስተኑ ሲል ትንሽ ማሳለፍ ሲጀምር ድካሙ ቀድሞ የሚታየው በመሰብሰብ ነው። አፈሩ ደግሞ ባኬቱን ወደ ፊት ሲጎትት ሮዱን ወደ ውጭ ይስበዋል። ሲሉ ካለቀ ዘይቱ ከሮዱ ወገን ወደ ኋላው ወገን ያልፍና ባኬቱ ይደፋል።

እዚህ ጋ ለቡም ሲሊንደር ተቃራኒ መሆኑን ልብ በሉ። ቡሙ ላይ ጭነቱ ሮዱን ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። የሲሊንደሩ ሁለቱም የዘይት በሮች በደንብ ተዘግተው ሲሉ ብቻ ቢያፈስ፣ ቡሙ ትንሽ ወርዶ ይቆማል እንጂ መሬት አይደርስም። የሚገባው ሮድ ቦታ ይፈልጋላ፤ ዘይቱ ከሲሊንደሩ ካልወጣ ቦታ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ራሱ የሚወርድ ቡም ካያችሁ ሲል ከመግዛታችሁ በፊት ቫልቩን ጠርጥሩ። ባኬት ላይ ግን ሲሉም ቫልቩም እኩል ተጠርጣሪ ናቸው።

ከቫልቩ ወገን ዋናው ተጠርጣሪ ፖርት ሪሊፍ የሚባለው ነው። ከዋናው ሪሊፍ የተለየ ትንሽ ቫልቭ ነው፤ በብዙ ማሽን የባኬቱ መስመር ላይ ይገኛል። ባኬቱ ድንጋይ ሲመታ የሚፈጠረውን ድንገተኛ ግፊት የሚያስተነፍሰው እሱ ነው። መቀመጫው ላይ የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ቆሻሻ ብትገባ አይዘጋም። ዘይቱ በሷ በኩል ወደ ታንከር ይሄዳል። ውጤቱ ልክ ጥያቄው ላይ ያለው ነው፦ በአንድ አቅጣጫ አቅም ማጣትና ራሱ መድፋት።

አንድ ጊዜ የመጣልኝ ማሽን ሲሊንደሩ ተደጋግሞ ተፈትቶ ሲሉ ተቀይሯል። በተቀየረ ቁጥር ትንሽ ይሻለዋል፣ ከዚያ ይመለሳል። ፖርት ሪሊፉን ሳወጣው ጥቁር የሲል ቁራጭ ነክሶ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ሲል እውነትም ተበልቶ ነበር። ቁርጥራጩ በሆዙ ተመልሶ ቫልቩ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ በኋላ ሲሉ አዲስ ቢሆን ምን ይጠቅማል? ባለቤቱ በሲሎቹ ጥራት ሲያማርር ነበር የቆየው። ለዚህ ነው ሲል ተቆራርጦ ከተገኘ ሆዙም ቫልቩም ይታጠብ የምለው።

ፖርት ሪሊፉን ለመፈተሽ ቀላሉ መንገድ ማቀያየር ነው። የመድፊያውና የመሰብሰቢያው ሪሊፍ አንድ ዓይነት ቁጥር ካላቸው ቦታ አለዋውጣቸው። ድካሙ ወደ መድፋት ከዞረ ሌባው ተያዘ። ቁጥራቸው ከተለያየ አታለዋውጥ፤ አውጥተህ እጠብ፣ ኦሪንጉን (የላስቲክ ቀለበቱን) ተመልከት፣ መልስ። ብሎኑን አጥብቀህ ግፊቱን ከፍ ለማድረግ አትሞክር። ቆሻሻ በማጥበቅ አይወጣም፣ ሆዝ ግን ሊፈነዳ ይችላል። ደግሞ አንዳንድ ማሽን ቡሙ ሲነሳ ባኬቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ተጨማሪ ቫልቭ አለው። ማብሪያ ካለው አጥፍተህ ሞክር፤ ሲጠፋ ባኬቱ ከተስተካከለ ፍለጋህ ወደዚያ ዞረ።

አሁን ዋናው ፈተና። እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው ይህንን ነው፤ ክርክር ስለሚያቆም። ባኬቱን አስተኝተህ ግፊቱን ካስወጣህ በኋላ ሁለቱን ሆዞች ከሲሊንደሩ ፍታ። ሁለት ሲሊንደር ካለው የሁለቱንም። የሆዞቹን አፍ ለዚያ ግፊት በተሠራ የብረት ታፖ (መድፈኛ) ዝጋ። እንጨት፣ ጨርቅ፣ የሚመስል ብሎን አይሆንም። እዚያ ላይ 200 ባር አካባቢ ግፊት ነው የሚመጣው፣ ወደ 3000 ፒኤስአይ ማለት ነው። የሲሊንደሩንም ቀዳዳዎች በታፖ ዝጋ። ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ካለህ በቲ (ባለ ሦስት አፍ ማያያዣ) አስገባው፤ እስከ 400 ባር የሚያነብ ይሁን። ሰው ይራቅ። ሞተሩን አስነሳና ወደ መሰብሰቢያው ጎትት። ከጥቂት ሰከንድ በላይ አትያዘው፣ ዘይቱን ያፈላዋል።

ሞተሩ በደንብ ከተጫነና ጌጁ የማሽኑ መጽሐፍ የሚለው ቁጥር ላይ ከደረሰ፣ ቫልቩ ነፃ ወጣ። ጥፋተኛው ሲሊንደሩ ነው። ሲል ኪትህን አሁን ቅደድ። ካልደረሰ ግን ሲሊንደሩን አትንካው። ፖርት ሪሊፉ፣ ስፑሉ ወይም የስፑሉ መክፈቻ ነው። በመድፊያው በኩል ደርሶ በመሰብሰቢያው ካልደረሰማ ሪሊፉ ነው ብዬ ነው የምጀምረው። ስፑሉ ከሆነ ጎን ለጎን የተጫረ መስመር ታያለህ፣ ወይም ወደ መሃል የሚመልሰው ሞላ ተሰብሯል። ቫልቩን ፈትታችሁ ስትመልሱ ብሎኖቹን እኩል አጥብቁ። አንዱ ጎን ከበዛ የቫልቩ ቤት ይጣመምና ስፑሉ ይነክሳል፤ አዲስ ችግር ገዛችሁ ማለት ነው።

ታፖዎቹ ሲሊንደሩ ላይ እንዳሉ አንድ ነገር ጨምር። ባኬቱ ላይ ትንሽ ክብደት አድርገህ ቡሙን ከመሬት ትንሽ ብቻ ከፍ አድርግና ተወው። ዙሪያው ሰው አይኑር። ቫልቩ ከባኬቱ ጋር አሁን አልተገናኘም። ባኬቱ አሁንም ቀስ እያለ ከደፋ ዘይቱ ፒስተኑን እያለፈ ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም። ቀጥ ብሎ ከቆመ ሲሉ ደህና ነው። ሁለት ሲሊንደር ካለህ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንዱን ብቻ አያይዘህ፣ የሌላውን ሲሊንደር ታፖዎች አውጥተህ (ተዘግቶ ከቀረ ባኬቱን ይቆልፈዋል)፣ በባዶ ባኬት ለአፍታ ሞክር። በአንድ ሲሊንደር ግን አፈር አትንካ፤ የባኬቱን መያዣ ያጣምመዋል።

ሲሊንደር ለመፍታት ከተፈረደ፣ በአየር ግፊት ሮዱን አታስወጣ። እንደ ጥይት ነው የሚወጣው። በእጅ ሳብ። ስትፈታው መጀመሪያ የምታየው ሲሉን ሳይሆን ፒስተኑን ሮዱ ላይ የያዘውን ዳዶ (ማጥበቂያ) ይሁን። ዳዶው ከላላ ፒስተኑ ሮዱ ላይ ይጫወታል። ከወጣ ደግሞ ነገሩ ያስቃል፦ ባኬቱን በደንብ ይገፋዋል፣ ሲጎትት ግን ፒስተኑ ብቻውን ይመለስና ሮዱ ውጭ ይቀራል። ከውጭ ለሚያይ ሰው የሲል ችግር ይመስላል። ዳዶው የሚጠብቅበት ልክ በማሽኑ መጽሐፍ አለ፤ ቀላል ቁጥር አይደለም፣ በእጅ ግምት አይሆንም። የብሎን ጥርስ ማጣበቂያ የሚፈልግ ከሆነም አትዝለለው።

የሲሊንደሩን ውስጥ በባትሪ መብራት እየው፣ በጣትህም ዳስሰው። በርዝመቱ የሄደ ጭረት ጥፍርህን ከያዘው አዲሱ ሲል ብዙ አይቆይም። ሮዱንም እንደዚሁ። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አንከባለው፣ ጎብጦ ከሆነ ይታያል። የጎበጠ ሮድ ሲሉን በአንድ ጎን ይበላዋል። ሲሉ ተሰነጣጥቆ እንደ ፕላስቲክ ደርቆ ካገኘኸው ሙቀት ነው የገደለው። ዘይቱ ከ80 ዲግሪ በላይ እየሄደ ብዙ ከሠራ አብዛኛው ሲል አይችለውም። ያኔ ራዲያተሩን ጥረግ። የተጨማሪ ዕቃው መቆጣጠሪያም ሳይታወቅ ተከፍቶ ቀርቶ ዘይቱን ቀኑን ሙሉ በሪሊፍ እያስጮኸው እንዳይሆን ተመልከት።

አዲሱን ሲል ስታስገባ ከንፈሩ ወደ ግፊቱ ይዙር። አሮጌውን ሳታወጣ ፎቶ አንሳው። ጠንካራውን ቀለበት ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ አቆየው፣ ይለሰልሳል። የሮዱን ጥርስ በቴፕ ጠቅልለው፤ ብዙ አዲስ ሲል የሚቆረጠው ገና ሳይገባ እዚያ ላይ ነው። ሲገጠም በሚኒሞ፣ ያለጭነት፣ እስከ ጫፍና እስከ ጫፍ ደጋግመህ አንቀሳቅሰው፤ አየሩ ይውጣ። ዘይቱን ሙላ። ፊልትሮውንም ቀይር።

ወንድሜ፣ ለአንተ ሁኔታ ቅደም ተከተሌ ይሄ ነው፦ ፔዳሉና ዘንጉ፣ ከዚያ ጆሮ፣ ከዚያ የፖርት ሪሊፉ እጥበት፣ ከዚያ ታፖው። ከታፖው በኋላ ሞተሩ ምን እንዳለ፣ ጌጅ ካገኘህም በመድፊያና በመሰብሰቢያ ስንት እንዳነበበ እዚሁ ጻፍልን። ማሽኑ አንድ ወይም ሁለት የባኬት ሲሊንደር እንዳለው፣ በፔዳል ይሁን በጆይስቲክ እንደሚሠራም ጨምርበት። ሪሊፉን ካወጣኸው ደግሞ ሳታጥበው መጀመሪያ ፎቶ አንሳው።